ፊርማዬን የሚጠብቀው ሥራ

ጥቅምት ፭

እንደ ወትሮው ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ደረጃው ላይ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፤ ቆም ብዬ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ያነበብሁ መሰልሁ። በያጆቹ ሥራ ጀመሩ። የብረት ድምፅ ሳልሰማ የዋልሁበትን ቀን አላስታውስም... የሆስፒታል አልጋና የተማሪ ዴስክ ስናመርት ዕድሜዬ ሄደ።

ረፋዱ ላይ ልጄ አንድ ጎረምሳ ይዛ መጣች። ሥራ አስኪያጇ እሷ ናት፤ ወንበሩን ካስረከብኋት ቆይቷል፤ የበላይነቱ ግን የእኔ ነው። ጎረምሳው በትከሻው ትልቅ ቦርሳ አንግቷል፤ ተቀምጦም አላወረደውም። ሽያጭን፣ መጋዘንን፣ ግዢን፣ ምርትንና ሒሳብን አንድ ላይ የሚያያይዝ ሶፍትዌር ሊተክልልን ነው። ልጄ ባጭሩ "ሲስተም" ትለዋለች።

በጥሞና ሰማሁ። ሽያጭ የሸጠውን መጋዘን አያውቅም፤ መጋዘን ያለውን ግዢ አያውቅም። እውነት ነው። በቅርቡ እንኳ ግራጫ ቀለም አለቀ ብለን አስገዛን፤ ያለው ቀለም ከዴስኮቹ ጀርባ ተከምሮ ተገኘ። አሁን ደግሞ አዲስ የሚከፈት ሆስፒታል አልጋውን በሙሉ ከእኛ ሊወስድ ተስማምቷል። በቀኑ ካስረከብን ልጄ ሁለተኛውን ወርክሾፕ ትከፍታለች። ካላስረከብን... አትከፍትም። "አባዬ፣ አንድ ግቢ በጩኸት ይሠራል፤ ሁለት ግቢ ግን በጩኸት አይገናኝም" አለችኝ። መልካም አነጋገር ነው። አልነገርኋትም እንጂ።

አንድ ነገር ብቻ ግድ አልሁ። ያለ እኔ ፊርማ ዕቃ ከመጋዘን አይወጣም፤ ግዢ አይፈጸምም፤ መኪና ከግቢ አይንቀሳቀስም። ድርጅቱ ከተመሠረተ ጀምሮ ሕጉ ይኸው ነው። ባለ ቦርሳው "የትኛው ላይ ይግባ አባባ?" ቢለኝ "ሁሉም ላይ" አልሁት። ልጄ ጸሐፊዬን አየቻት። ጸሐፊዬ መስኮቱን አየች። ምን ነበር? እንጃ...

ጥቅምት ፱

ባለ ቦርሳው ከክፍል ክፍል እየዞረ "ሥራው ከየት ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል?" እያለ ይጠይቃል። አጠያየቁን ወደድሁት። ከመጋዘኑ ኃላፊ ዘንድ ግን ብዙ ቆየ። ሰውየውን ሠራተኛው ሁሉ "ጭምቱ" ይለዋል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚናገረው በአንድ መሐረብ ይቋጠራል። በመስኮት አየኋቸው። ጭምቱ አንዴ ወደ ቢሮዬ ይጠቁማል፣ አንዴ ራሱን ያክካል። በመጨረሻ ጸሐፊዬ ደረሰችለት። "ጋሼ ሳይፈርሙ ምንም አይንቀሳቀስም ብለህ ጻፍ፤ በቃ" ስትል ድምፅዋ እኔ ዘንድ ድረስ ተሰማ። ታማኝ ሴት ናት።

ከሰዓት በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። ወረቀት እርስዎ ዘንድ ምን ያህል ይቆያል አለኝ። እኔ ዘንድ የደረሰ ወረቀት ፀሐይ አይጠልቅበትም አልሁት። አነባለሁ፤ የተሳሳተውን በቀይ አርማለሁ፤ እፈርማለሁ። ያደግሁት እንዲያ ነው። መምህራችን ሳናነብ "ገባኝ" ያልን ዕለት ቆመን ነበር የምንውለው። ያላነበበ አይፈርምም፤ የፈረመ ደግሞ አያመካኝም።

ቢታመሙስ፣ ምክትል ይመዝገብ ወይ አለኝ። አልታመምም አልሁት።

ጥቅምት ፲፬

ዝናብ። ጉልበቴ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር።

ጥቅምት ፳፫

ልጄ ቢሮዬ መጥታ አስተማረችኝ። ማውሱን በመዳፌ አፍኜ ብይዘው "አያመልጥህም አባዬ፣ ለቀቅ አድርገው" አለች። ፊደል ያስቆጠርኋት ልጅ... እጇን በእጄ ላይ አድርጋ መራችኝ። ዝም ብዬ ተመራሁ።

የተሠራው ግን ደግ ነገር ነው፤ መመስከር አለብኝ። ሽያጭ ክፍል ያለችው ልጅ የአልጋ ትእዛዝ ስትመዘግብ፣ መጋዘኑ ውስጥ ምን ያህል ቱቦላሬ እንዳለ (የአልጋውን እግርና ማዕቀፍ የምናወጣበት ብረት ነው)፣ ምን ያህል እንደሚጎድልና የትኛው በያጅ መቼ እንደሚጀምረው ከዚያው ይታያል። የጎደለው ሳይጠየቅ ለግዢ ክፍል ይደርሳል። አንዱ የጻፈውን ሌላው አይደግምም፤ ሁሉም ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። በቀይ እስክሪብቶ ስታገልለት የኖርሁት ነገር እኮ ነው!

በእኔ ስም አንድ ገጽ አለ። ፊርማዬን የሚጠብቀው ሥራ ተራ በተራ ይሰለፍበታል። ከጎኑ "አጽድቅ" የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለ። እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ ፊርማዬ እሱ ነው። አያምርም... ይሁን።

ኅዳር ፩

ተጀመረ። ገጹን ስከፍት ሞልቶ ጠበቀኝ። ለሆስፒታሉ አልጋ የሚወጣ ቱቦላሬ፣ የብየዳ ኤሌክትሮድ፣ ቀለም፣ የአልጋ ጎማ። አንድ በአንድ አነበብሁ። ምሳ ሰዓት ደረሰ። ተመልሼ ብገባ ካጸደቅሁት የሚበልጥ ተጨምሯል። ዓይኔ ደከመ። ፀሐይ ጠለቀች፤ እኔ አልጨረስሁም። እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

ኅዳር ፬

በያጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዱ የብየዳ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። ወርጄ ብጠይቅ ቱቦላሬ አልወጣልንም አሉ። ጭምቱን ጠራሁት። የለም ወይ? አልሁት፤ "አለ" አለኝ። ታዲያ? ራሱን አከከ፤ "ሲስተሙ እንቢ ብሎ ነው ጋሼ" አለ።

ድሮ እንዲህ ሆኖ ያውቃል? ከቶ! እኔ ያው ነኝ፤ ጭምቱ ያው ነው፤ ብረቱም ያው ብረት። አዲስ የገባው ሲስተሙ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? ለልጄ "አውጥተሽ ጣዪው" አልኋት። "ትንሽ ታገስ አባዬ" አለች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ለማን ነው የምትታገሠው... ለሲስተሙ ወይስ ለእኔ?

ኅዳር ፮

ጉንፋን። በገዛ ፋብሪካዬ አልጋ ላይ ተኛሁ። ምቹ ነው ብሎ የሸጠውን ሰው ባገኘው... እኔ ነበርሁ የሸጥሁት።

ኅዳር ፰

ዛሬም አልተነሣሁም። ባለቤቴ ትናንት የደበቀችውን ስልኬን ከሰዓት በኋላ መለሰችልኝ፤ "ይኼ ነገር ሲርገፈገፍ ውሎ መሳቢያዬን ሊሰብር ነው" አለች። ልጄ ናት የምትደውለው። ከመታመሜ በፊት ባጸደቅሁት ብረት የተሠራ አልጋ የጫነ መኪና በሩ ላይ ቆሟል። የማስረከቢያው ወረቀት እኔ ካላጸደቅሁ አይታተምም፤ ያለ ማስረከቢያ ደግሞ ሆስፒታሉ አይቀበልም። የሆስፒታሉ ግዢ ኃላፊ ደውሏል። ነገ ካልደረሰ ከሌላ እገዛለሁ ብሏል።

በስልኬ ልሞክር አልሁ። የይለፍ ቃሌን ደጋግሜ ተሳሳትሁና ቆለፈብኝ። "ድሮ ቢሆን እኮ..." ብላ ጀመረች ልጄ። ምን ድሮ ቢሆን? ብላት ወደ መኪናው ልሂድ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ኅዳር ፱

ሻርፕ ጠምጥሜ ገባሁ። ሹፌሩ ጋቢናው ውስጥ እግሩን ሰቅሎ ያንኮራፋል። አልጋዎቹ ሸራ ለብሰዋል።

ልጄን፣ ባለ ቦርሳውን፣ ጸሐፊዬንና ጭምቱን ቢሮዬ ሰበሰብሁ። ሲስተሙ ተበላሽቷል፤ አስተካክለው አልሁት።

"አልተበላሸም አባባ" አለ ባለ ቦርሳው። "እርስዎን እየጠበቀ ነው።"

ድርጅቱ ከተከፈተ ጀምሮ ሥራው እኔን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ቆሞ ግን አያውቅም፤ አሁን ምን ነካው? አልሁ። ጭምቱ ጫማውን ያያል። ልጄ "አባዬ" ብላ ስትጀምር ጸሐፊዬ ክንዷን ያዘቻት። አብራኝ ያረጀች ሴት ናት፤ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ግን ዛሬ ሰማሁ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ሥራው እርስዎን ጠብቆ አያውቅም።"

ክው አልሁ።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ቱቦላሬው ጠዋት በቃል ይወጣል። ግዢው በስልክ ይታዘዛል። መኪናው ይሄዳል። ወረቀቱን እሷ ሰብስባ፣ ደርድራ፣ ከሰዓት በኋላ ታቀርብልኛለች። እኔ አነባለሁ... አርማለሁ... እፈርማለሁ። አልጋው ግን ያን ጊዜ ተቀብቶ እየደረቀ ነው። ሲስተሙ ይህን አያውቅም። ማንም ደፍሮ አልነገረው። እኔ የነገርሁትን ብቻ ይዞ ተቀመጠ።

አንድ ነገር ቀረችኝ። "አይወጣም ብዬ በቀይ የሰረዝኋቸውስ?"

ጭምቱ አፉን ከፈተ። "እነሱም አልጋ ሆነው ነበር ጋሼ።"

ወረቀቱን በሌላ ቃል ጽፈው በሳምንቱ ይመልሱልኛል ለካ! እኔም "አሁን ተስተካከለ" እያልሁ እፈርም ኖሯል። ባለ ቦርሳው ሳቁን ለማፈን ሳለ። አልተቆጣሁትም። ለቁጣ የሚሆን አቅም አጣሁ።

ቁልፉን ከፍተውልኝ ወደ ገጹ ዞርሁ። ከላይ እስከ ታች ሳላነብ አጸደቅሁ። በሕይወቴ ሳላነብ የፈረምሁት ዛሬ ነው። ማስረከቢያው ታተመ። መኪናው ሲወጣ በመስኮት አላየሁም፤ ሰማሁ እንጂ።

ኅዳር ፲

ቤት ዋልሁ። እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኋት። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም" አልሁ።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አጥሩን ማን ነቀነቀው? ደግፈው ያቆሙልህ እነሱ አይደሉ?"

ከዚያ ትስቅ ጀመር። ምን ያስቅሻል ብላት፣ "እኔስ ይኼን ቤት እንዴት ያስተዳደርኩት ይመስልሃል? መጋረጃ ይቀየር ወይ ብዬ አንተን ስጠይቅ መጋረጃው ተሰቅሏል" አለችኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። "ይኼኛው?"

"ይኼኛውም።"

ለካስ በሁለት ቤት ነው...

ኅዳር ፲፩

ሆስፒታሉ የመጀመሪያውን ጭነት ተቀብሏል። ቀሪው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልገባ ውሉ ይፈርሳል። ልጄ በመልእክት ነው የነገረችኝ።

ኅዳር ፲፫

ልጄ መጣች። ከሥራ ቀጥታ ነው የመጣችው፤ ጫማዋ ላይ የብረት ብናኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንቺም ታውቂ ነበር? አልኋት።

"ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወረቀቱን ይዤልህ የምመጣው እኔ አልነበርኩ እንዴ አባዬ? ዕቃው ሲወጣ አይቼ እኮ ነው የማመጣልህ።"

ለምን አልነገራችሁኝም?

"ብንነግርህ ታባርረን ነበር። ብታባርረን ደግሞ ማን ያስፈርምህ ነበር?"

ሳቄ መጣ፤ ዋጥሁት። እሷ ግን አልሳቀችም። እጇን ጉልበቷ ላይ አጥፋ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች። እኛ ስንዋሽልህ ኖረናል አለችኝ፤ ሲስተሙ ግን መዋሸት አያውቅም፤ ያልኸውን አመነህ። "ለሁለት ወርክሾፕ እሱ ያስፈልገኛል። እዚህ የሚሠራውን እዚያ ሆኜ ማየት ካልቻልኩ መክፈቴ ከንቱ ነው። ግን አንተ ካልክ ነገ አስነቅለዋለሁ" አለች። "እንደ ድሮው እንሆናለን። ሁለተኛው ይቅር። እኛ እናወጣለን፣ አንተ ትፈርማለህ።"

ከልቧ ነው። ዓይኗን አይቼ አወቅሁ። ከሁሉ ያደከመኝ ይኸው ሆነ።

ነገ እነግርሻለሁ አልኋት።

ኅዳር ፲፬

አልነገርኋትም።

ሰው አውቆ ሊታለል ይችላል? ነገ ከሰዓት በኋላ ጸሐፊዬ ወረቀት ይዛ ትገባለች እንበል። መነጽሬን አደርጋለሁ። አነባለሁ። እሷ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ፤ ሁለታችንም ዝም እንላለን። ቀይ እስክሪብቶውንስ እንዴት አድርጌ አነሣዋለሁ?

ንቀውኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ቁጣ ይበቃው ነበር።

ኅዳር ፲፭

ገባሁ። ገጹ እንደ ጎርፍ ሞልቷል። ቢሮዬን ዘግቼ አነበብሁ፤ ጠዋትን በሙሉ፣ ምሳ ሳልበላ፣ እያንዳንዱን መስመር። መጠኑ ልክ ነው። ዋጋው ልክ ነው። ዕቃው የት እንዳለ፣ ለየትኛው አልጋ እንደሚሄድ፣ ማን እንደጠየቀው፣ ሁሉ በቦታው ነው። አንድ ስሕተት ፈለግሁ። አንድ! የማርመው አጣሁ።

ባለ ቦርሳውን ጠራሁና ስሜን አውጣው አልሁት። "ከየትኛው ላይ አባባ?" አለኝ ደግሞ። ከሁሉም። ልጄና ጸሐፊዬ መጡ። ልጄ ትልልቁ እንኳ በስምህ ይቆይ አለች፤ የሁለተኛው ወርክሾፕ መክፈቻ ግዢ፣ አዳዲስ መሣሪያ... ትልልቁ ወደ አንቺ ይሂድ አልኋት። ሥራ አስኪያጇ አንቺ አይደለሽ? ከመጋዘን የሚወጣውን ደግሞ የመጋዘኑ ኃላፊ ያጽድቅ። የመኪናውን መውጫ የስርጭት ክፍሉ።

ጭምቱን አስጠራሁት። ነገሩን ስነግረው ወደ ኋላው ዞሮ ሌላ ሰው ፈለገ።

"እኔ ነኝ ጋሼ?"

"አንተ ነህ" አልሁት። "ድሮስ አንተ አልነበርህ?"

የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አየው፤ መልሶ ከተተው። ጸሐፊዬ አንድ ነገር የረሳች መስላ ወጣች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ሁሉም ሲወጡ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። የደከመኝን ያህል ቀሎኝ አያውቅም... ይህን ዓረፍተ ነገር መምህራችን ቢያዩት ይሰርዙት ነበር። ይቆይ።

ኅዳር ፳፮

የመጨረሻው ጭነት ከቀኑ ቀድሞ ገባ። በያጆቹ ፀሐይ መሞቂያ ጊዜ አላገኙም። ልጄ ሁለተኛውን ግቢ ልትረከብ ነው።

ታኅሣሥ ፲፪

ዘግይቼ ገባሁ። የጠየቀኝ የለም። ገጼን ከፈትሁ። "የሚጠብቅዎ ሥራ የለም" ይላል። ሳልዘጋው ብዙ አየሁት። ስድብ አይደለም... ዜና ነው። ልጄ አዲሱ ግቢ ውስጥ ናት፤ የዚህን መጋዘን ከዚያ ሆና ታያለች። ጠዋት የጎደለ ኤሌክትሮድ እኛ ሳናውቀው እሷ አይታው ታዝዟል። በዚህም በዚያም የሚጮኽ የለም። ዝምታውን ገና አልለመድሁትም።

በሩ ተንኳኳ። ጭምቱ ነው። በእጁ ምንም አልያዘም። ተቀመጥ አልሁት፤ ወንበሩን እንደሚሰበር ዕቃ ይዞ ተቀመጠ። በአዲሱ ግቢ የቀለም ክፍሉ የት ይሁን በሚል ክርክር ተነሥቷል። ልጄ ከበሩ አጠገብ ትላለች፤ በያጆቹ ግን "ነፋሱ ሽታውን ወደ እኛ ያመጣዋል፣ ወደ ኋላ ይሂድ" ይላሉ። ሲስተሙ ነፋስ አያውቅም። "እርስዎ ምን ይላሉ?" አለኝ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ከልማድ። ወደ ኋላ ይሁን ልል... ግን ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ በምን አወቅሁ? እዚያ ቆሜ አላውቅም።

"አላውቅም" አልሁት። "ሄደን እንየው።"

ጭምቱ ተነሣና ኮቴን ከመስቀያው አወረደልኝ።

ግቢው ውስጥ ላሜራ የጫነ መኪና ወደዚያው ሊሄድ ሞተሩን አስነሥቷል። ማን እንዳጸደቀው አልጠየቅሁም። ጋቢናው ከፍ ይላል፤ ጭምቱ ቀድሞ ወጣና እጁን ዘረጋልኝ። ያዝሁት።